ቀንድ የሌለው ጭራቅ

ሥራሽ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ ጭራቅ እሥል ነበር። ሰው ይስቃል። ይሳቅ! የጡረታ ወረቀቴን የሞላችልኝ ልጅም ስቃ «እትዬ፣ በዚህ ስም የሥራ መደብ የለንም» አለችኝና «የግራፊክስ ባለሙያ» ብላ ጻፈች። ግራፊክስ የሚለውን ቃል በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ጭራቅ፣ ሰው የሚያገባ ዘንዶ፣ የሚራመድ ዛፍ፣ ከገበያ ሰው ጋር ተቀላቅሎ የሚውል ጅብ፤ እኔ የማውቀው ይሄን ነው። በመሸኛዬ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ አለቃችን ዘመኑ የቴክኖሎጂ ስለ መሆኑ ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ይህን የምጽፈው የሥራ ዘመኔ ደስ ብሎኝ አይደለም። ተቃጥዬ ነው። «ጻፊው ይወጣልሻል» ያሉኝ ሰዎች አሉ። እስካሁን የወጣልኝ ነገር የለም፣ ግን ጀምሬዋለሁ።

ወደ ሙያው ያስገቡኝ ጋሽ ተካ ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ ደጋ ወርደው ወላይታ ሶዶ ላይ ልብስ ስፌት የከፈቱ፣ እሳቸው ግን መርፌውን ትተው ብሩሽ የያዙ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ጎረምሳ፣ የአይሱዙ በር ላይ ንስር፣ ሁሉንም ይሠሩ ነበር። እንጀራቸው ያ ነው፤ ልባቸው ግን ተረት ላይ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ለሰንበት ትምህርት ቤት የሣልኩትን አንድ ትልቅ ዓሣ አዩ። «ይህን ማነው የሣለው? ዓሣው ራሱ የፈራ ይመስላል» አሉ። ስድብ መስሎኝ ልመልስላቸው ስል «ነገ ነይ» አሉኝ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። በወላይትኛ ሲቆጣ ቃል አያበዛም።

«ሰይጣን ሥዬ እበላለሁ ነው የምትዪኝ?»

«ጭራቅ ነው እንጂ ሰይጣን አይደለም፣ አባባ።»

«ልዩነታቸውን አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ለማንኛውም ሄድኩ።

ጋሽ ተካ ሲሠሩ አያወሩም። እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነው። ብሩሻቸውን የሚጠርጉት በሱሪያቸው ቀኝ ጭን ላይ ነው፤ ሚስታቸው በዚህ ነገር ስንት ዘመን ተጨቃጭቀው ሲሰለቻቸው ተውት። ጭራቅ ሲሥሉ ከጭራቁ አይጀምሩም። መጀመሪያ ቦታው ይሣላል፤ መንገዱ፣ አጥሩ፣ የእንሰቱ ጓሮ። ቀጥሎ የሚፈሩት ሰዎች። ጭራቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። «ቤቱን ሳታሰናጂ እንግዳ ትጠሪያለሽ?» ይሉኝ ነበር። እሱም ቢሆን ከሌላ አገር አይመጣም። በገበያ ቀን ይዘውኝ ይወጡና የበሬ እርጥብ አፍንጫ፣ የሽማግሌ ጉልበት፣ የተቆለለ ዝንጅብል ያሥሉኛል። ልጅ የሚፈራው ከሚያውቀው ነገር የተሠራን ጭራቅ ብቻ ነው የሚለው ሃይማኖታቸው ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ፈተናቸው ነው። አንድ ሥዕል ሲያልቅ በጨርቅ ሸፍነን ልጆች ወዳሉበት እንወስደዋለን። ተረት አዋቂ የሆነ ትልቅ ሰው ተረቱን በወላይትኛ ያወራል። ጭራቁ ብቅ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጨርቁን እንገልጣለን። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ማየት ነው። ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ ከቀረ አለፈ። ወደ ተናጋሪው አፍ ከተመለሰ ወደቀ፤ ሰምተው በልባቸው የሣሉት ከእኛ በልጧል ማለት ነው። የወደቀ ሥዕል ይቀደዳል። ይስተካከል፣ ይቀመጥ ብሎ ነገር የለም። «የወደቀን ካስቀመጥሽ እጅሽ እየተመለሰ እሱን ይሠራል» ይሉ ነበር። ደግሞ እሳቸው የልጆቹን ፊት እንኳ ብዙ አያምኑትም። «እግር እዪ። ልጅ ሲፈራ እግሩን ይሰበስባል» ይሉኛል። በመጀመሪያው ዓመት ከሣልኩት አንድም አላለፈም። ሁሉንም በገዛ እጄ ቀደድኩ። ሳለቅስ ከርሜ ኋላ ላይ እስቅ ጀመር።

በሱቁ ገቢ ሁለት ሰው እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር ሥራ ፈለግሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አረካ ባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው፤ የሰብል በሽታና ተባይ የሚያሳይ ፖስተር ሥዪ ተብዬ። አለቃዬ ሥዕል በማስመሪያ የሚለካ ሰው ነበር። «እግሯ ረዝሟል» ይለኛል፣ ስለ አንዲት ጥንዚዛ! ግን ልክዳው አልችልም፣ ማየትን ያስተማረኝ እሱም ነው። የታመመ እንሰት ቅጠሉ ከመሐሉ ሲሰበር፣ ሲደርቅና ግንዱን ተጠግቶ ሲንጠለጠል ስሥል ከረምኩ። ሶዶ መጥቼ ለጋሽ ተካ ሳሳያቸው አገላብጠው አዩትና «ፀጉሩን አገኘሽው» አሉ።

የማን ፀጉር እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሁለታችንም ለዓመታት ልንሥለው እየፈለግን የፈራነው አንድ ጭራቅ ነበር። ተረቱን የሰማነው ጉኑኖ ከሚኖሩ ከአንዲት አሮጊት ነው፤ አዬ ባሎቴ ይባላሉ። አዬ በእኛ አገር እናት ማለት ነው። ምንጭ ውስጥ የሚኖር ጭራቅ ውሃ ልትቀዳ የመጣችን ልጅ «ድምፅሽን አበድሪኝ፣ እመልስልሻለሁ» ይላታል። ታበድረዋለች። እሱም እቤቷ ደጃፍ ሄዶ በልጅቱ ድምፅ «እናቴ፣ ክፈቺልኝ» ይላል። እናትየዋ ልትከፍት ትነሳለች። ልጅቱ ተከትላው መጥታ ከኋላው ቆማለች፣ ግን መጮህ አትችልም። አዬ ባሎቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉ ነበር፤ እኛም ትልልቆቹ ትንፋሻችንን እንይዛለን። እስቲ ይሄን ፍጡር ምን አስመስለው ይሥሉታል?

ከአረካ በኋላ ሶዶ ላይ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚጻፉ የልጆች መጻሕፍት የሚዘጋጁበት ቢሮ ገባሁ። ዕድሜዬ ያለቀው እዚያ ነው። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ሁሉም ልጅ ፈገግ ይበል የሚል ነበር፤ ጅብ የሚያባርረው ልጅ ሳይቀር ፈገግ አለ። ሌላው ከስብሰባ ስብሰባ ሲሮጥ ሥራዬን አንድም ቀን ሳያየው ተዛወረ። እሱን እወደው ነበር። የተረት መጽሐፍ ይዘጋጅ ሲባል ግን ጮቤ ረገጥኩ። ጋሽ ተካን በኮንትራት አስቀጠርኳቸውና የምንጩን ጭራቅ ጀመርን።

የመጀመሪያውን ንድፍ ያየው ኮሚቴ ውስጥ መምህራንም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም ነበሩ። አንደኛው ተነስቶ በትሕትና «እህት ማርታ፣ ቀንዱ ይነሳ። ቀንድ ያለው ሌላ ነው» አለኝ። ተከራከርኩ። አባቴ ከመቃብር ተነስቶ የመጣ መሰለኝ። በንዴት እየጦፍኩ ሱቅ ስደርስ ጋሽ ተካ ሳቁብኝ።

«ቀንድማ በሬም አለው። በሬ ትፈሪያለሽ?»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! ጭራቅ ያለ ቀንድ?»

«ቁረጪው ልጄ። ባዶውን ይምጣና እንየው።»

ቆረጥኩት። እውነታቸውን ነበር፤ ይበልጥ አስፈራ። ግን ሥዕሉ ሳያልቅ በጀት የለም ተባለና መጽሐፉ መሳቢያ ገባ፣ እዚያው ከረመ። በዚያ መሐል የጋሽ ተካ ዓይን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን አጡ፣ ቀጥሎ ቀለም፣ ቀጥሎ ሰው። የምንጩን ጭራቅ በእጃቸው የነኩት በመጨረሻው የዓይናቸው ብርሃን ነው፤ ቀሪውን እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ፣ እሳቸው እየነገሩኝ በቀለም ጨረስኩት። ያን ጊዜ የሰማሁት ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። «ሶዶ ላይ የሣልኩትን ሁሉ ዝናብ አጥቦታል፣ ፀሐይ በልቶታል» አሉኝ። «ይሄ አንዱ መጽሐፍ ላይ ይውጣ። ስሜም ከሥሩ ይጻፍ። ሳልሞት በእጄ ልዳብሰው።» እኔም ይወጣል ብዬ ማልኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምሠራው ለዚህ ብቻ ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ መጽሐፉ ከመሳቢያ ወጣ። አዲሱ ኃላፊ ታሪኩ ይባላል፤ የአረካ ልጅ፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠራኝና ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረው።

«እትዬ ማርታ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ። በኤአይ ነው ያሠራኋት። አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍኩለት።»

የእኛ ተረት ነው። ምንጩ አለ፣ ልጅቱ አለች፣ ጭራቁ አለ። ያብረቀርቃል! እያንዳንዱ የውሃ ጠብታ ለብቻው ያበራል። ጭራቁ ቀንዱ ሰማይ ይነካል፣ ዓይኑ እንደ መኪና መብራት ሰማያዊ ያበራል። ከኋላ እንሰት መሆን ያለበት ቦታ ላይ ሙዝ በቅሏል፤ ፍሬው በዘለላው ተንጠልጥሎ።

«ታሪኩ፣ ይሄ እንሰት ነው?»

«አይ... ሙዝ ነው። ይስተካከላል።» ጻፈለት። ሌላ ሙዝ መጣ። ደግሞ ጻፈለት፤ አሁን ዘንባባ መጣ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ «ቅጠል ቅጠል ነው እትዬ፣ ልጆቹ አያስተውሉትም» አለኝ፣ ለማጽናናት በሚመስል ድምፅ። ኮሚቴውም አየው። ቀንዱን ቁረጡት ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ዝም ብለው አደነቁ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈልቶ አንድ ነገር ተናገርኩ። «ልጆቹ ይፍረዱ» አልኩ። የጋሽ ተካን ፈተና ነገርኳቸው። የሁለቱም ሥዕል በአንድ ቀን፣ በአንድ ተረት ይቅረብ፤ የወደቀው ከመጽሐፉ ይውጣ። ታሪኩ አሰብ አደረገና «ይሄ ፍትሐዊ ነው» አለ። ማንም አላስገደደኝም። ራሴ ነኝ ያመጣሁት። የእኛው እንደሚያሸንፍ ካለኝ እርግጠኝነት የተነሳ በስልኬ ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም። ይሸነፋል ብዬ መች አሰብኩ!

ፈተናው ጉኑኖ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሆነ። አዬ ባሎቴ በጣም አርጅተው ነበር፤ በባጃጅ ይዘናቸው ሄድን። ድምፃቸው ግን ያው ነው። መጀመሪያ የእኛ። ጭራቁ ከምንጩ ብቅ አለ ሲሉ ጨርቁን ገለጥኩ። ያ ሥዕል ዛሬ በቃል ብቻ የቀረ ስለሆነ ልንገራችሁ፤ ድንጋይ ላይ ተጎንብሶ የተቀመጠ ሰው የሚመስል ነገር ነበር፣ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተንጠልጥሎበት። ዓይኑን አልሣልነውም። ቅጠሉ መሐል ጨለማ ብቻ ነው ያለው። አፉ ግን የሕፃን ልጅ አፍ ነበር፣ ገና የተበደረው።

ልጆቹ አዩት። ፊት የተቀመጡት እግራቸውን ሰበሰቡ! ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸውን ወደ አዬ ባሎቴ መለሱ። ተረቱን እስከ መጨረሻው የሰሙት የእሳቸውን አፍ እያዩ ነው።

ተረቱ ተደገመ፣ የኮምፒውተሩ ተገለጠ። ልጆቹ «ኡኡ!» ብለው ተነሱ። ተነስተው ወደ ሥዕሉ ሮጡ። አንዱ ዓይኑን ነካ፣ አንዱ ቀንዱን ለካ፣ አንዷ ሙዙን ቆጠረች። አዬ ባሎቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ተረቱ እናትየዋ በሩ ጋ ሳትደርስ ተቋረጠ፤ ማንም ቀጥዪ አላለም። ታሪኩ ወደኔ አላየም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር። አሮጊቷ በባጃጁ ውስጥ ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ማርታ፣ ዛሬ አልሰሙኝም» አሉ።

ጋሽ ተካ በዚያ ሰሞን የስኳር በሽታው እግራቸውን አቁስሎት ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሥዕሉን ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ልዋሻቸው ወስኜ ነበር። አለፈ፣ ሊታተም ነው እላለሁ፤ የት ያዩታል? ኮቴዬን ሰምተው «መጣሽ?» አሉ። ውሸቱን ተውኩት።

«ዓይናቸው ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

«ከእኛ ወደ አዬ ባሎቴ ተመለሰ።»

«ከዚያኛውስ?»

«እዚያው ቀረ።»

«እግራቸውስ? ሰበሰቡ?»

«ለእኛው ሰበሰቡ። ለዚያኛው... ተነስተው ሮጡ።»

«ሸሹ?»

«አልሸሹም ጋሼ። ወደሱ ነው የሮጡት።»

«ወደ ጭራቁ?»

«አዎ።»

እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረጉት፤ ብሩሽ የሚጠርጉ ይመስል። ከዚያ «እንግዲህ እኛ የምናውቀው ልጅ የለም ማለት ነው» አሉ። ቁጣ የለበትም። አይዞሽ ሊሉኝም አልሞከሩም። እኔ ነኝ የጮህኩት፤ ፈተናው ልክ አልነበረም፣ ልጆቹ እግራቸውን ሰብስበዋል፣ ያ ዓይነት ነገር በእኛ ጊዜ አልነበረም፣ ደንቡ ለዚህ አልወጣም አልኩ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝ።

«ዓይን ከተመለሰ ወድቋል። ቅደጂው።»

«አልቀድም!»

«ማርታ። የሌላውን ሁሉ ያስቀደድኩሽ የእኔ ሲሆን ላስቀምጥ ነው? እዚሁ ቅደጂው፣ ልስማው።»

ቀደድኩት። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። አጠገባቸው የተኙ ሽማግሌ ቀና ብለው «ምንድነው የሚቀደደው?» ሲሉ ጋሽ ተካ «ምንም አይደል፣ አሮጌ ወረቀት ነው» አሏቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብዙ ተቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ አወራን። ስለ ሥዕል አንዲትም ቃል ሳይናገሩ ሞቱ።

መጽሐፉ ወጣ። ታሪኩ የጋሽ ተካን ስም ምስጋናው ላይ እናስገባ ብሎ ጠየቀኝ። «ለየትኛው ሥዕል?» አልኩት። ስማቸውም ሳይገባ ቀረ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ስም መጻፉን እንቢ በማለቴ አንዳንድ ቀን እቆጫለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግ አደረግሁ እላለሁ።

ባለፈው ጊፋታ፣ በእኛ በወላይታዎች ዘመን መለወጫ፣ የወንድሜ ቤት ተሰባስበን ነበር። ቤቱ በልጅ ተሞልቷል። ሥጋው ተበልቶ ትልልቆቹ ጨዋታ ሲይዙ ልጆቹ ከበቡኝና «ድምፅ የሚበደረውን አውሪልን» አሉ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። መጽሐፉ ከየት አምጥቶ እንደ አዬ ባሎቴ ያወራላቸዋል ብዬ በወላይትኛ ጀመርኩ። ምንጩን ነገርኳቸው፣ ልጅቱን ነገርኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ጭራቁ ብቅ የሚልበት ላይ ስደርስ ያን የእኛን ላየው ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልመጣም። ቅጠሉን ፈለግሁ፣ ያንን የልጅ አፍ ፈለግሁ። ሁሉንም በቃል አውቀዋለሁ፣ ለእናንተም አሁን ጽፌላችኋለሁ፤ ፊቱ ግን የለም። ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው። ከአፌ የወጣው «ሰማያዊ ዓይኑን ቦግ አድርጎ ከውሃው ወጣ» የሚል ነበር።

«አዎ! እሱ ነው!» ብለው ጮኹ። «ቀንዱስ?» አለች አንዷ ተጠግታኝ።

ቀንዱንም ነገርኳቸው።